ፌ/ሚኒስትሯ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «የዝናብ ጥቅም» የሚል ድርሰት ታዘን፣ እኔ ስለ ጭቃ ብቻ ጽፌ ስለሰጠሁ መምህሩ ከታች በቀይ «ጥቅሙስ?» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር «ሻምፑ አልቋል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ነው። እሱንም የጻፍኩት ለአሠሪዬ በአፌ መንገር አፍሬ ነው። ስለዚህ ዛሬም ጭቃውን ብቻ አውርቼ ጥቅሙን ብረሳው አይፈረድብኝም።

የማወራው ስለ አንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ ዛሬ የለችም። ሞታ ሳይሆን ድሮም አልነበረችም፤ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለች ሰው ናት። እዚያም ቢሆን ዋናዋ አይደለችም። ዋናው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ቀጥሎ ውሽማው፣ ከውሽማው ቀጥሎ ሥልጣኑን ሊነጥቀው የሚያሴረው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ይመጣሉ። የእኔዋ ሴትዮ አማካሪ ናት። ስብሰባ ሲኖር ከጠረጴዛው ጫፍ ትቀመጣለች፣ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ከዚያ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሽማ ቤት ይወስዱናል።

ያኔ ቦሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር አጣቢ ነበርኩ። ሕንፃው ገና አላለቀም። ከታች ካፌ ተከፍቶ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል፣ ከላይ ብረት ይቆረጣል፣ እኛ መሃል ላይ ፀጉር እንሠራለን። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ ማንም ሰው የሚሠራው ነገር እስኪያልቅ አይጠብቅም። የእኛ ደንበኞችም የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲናቸውን ሳይፈቱ ስልክ እያወሩ ደረጃ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ።

ድራማው ከባሕር ማዶ የመጣ ሆኖ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር የሚታየው። የሚመጣው አመሻሽ ላይ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ፀጉር ቤቱ በሚሞላበት ሰዓት ነው። የእጥበቱ ገንዳ ያለው ጥግ ስለሆነ እኔ ቴሌቪዥኑን የማየው ፊት ለፊት ካለው መስታወት ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት አማካሪዋ ግራኝ ትመስለኝ ነበር። ግራኝ አለመሆኗን ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ በግራ እጄ ፀጉሬን ወደ ኋላ መመለስ ለምጄ ጨርሻለሁ።

የወደድኳት በአንድ ነገር ነው። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ስብሰባ ላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ «አንቺ ዝም በዪ» አላት። እሷ ዝም አላለችም። ፀጉሯን በግራ እጇ (ማለት በቀኝ) ወደ ኋላ መለሰችና እንዲህ አለችው፦

«አንቺ ካልከኝ አንተ ነህ። እርስዎ ካልከኝ እርስዎ ነዎት። ምርጫው ያንተ ነው።»

እኔ በዚያ ሰዓት እጄ አንዲት ሴትዮ ፀጉር ውስጥ ነበር። ውኃው እየፈላ መሆኑን የነገረችኝ ሴትዮዋ ናት።

በዚህ አነጋገሯ ፀጉር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አሠሪያችን፣ እኔ «እትዬ» የምላት፣ ባለጌ ናት አለች፤ የፈለገውን ቢል ሚኒስትር አንተ አይባልም። ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት ደንበኛችን ደግሞ ደግ አደረገች አለች። ፀጉር በፔስትራ የምትተኩሰው ልጅ፣ በምላሷ የሁላችንም አለቃ ማለት ይቻላል፣ ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። በፈረንጅ አፍ አንተና እርስዎ የሚባል ልዩነት የለም፣ ሴትዮዋ ይህን ነገር በአፏም አላለችውም፣ ያለው ተርጓሚው ነው ብላ ተከራከረች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከፋኝ። የእኔን ሴትዮ ቃል ወስዳ ለማላውቀው ሰው ሰጠችብኝ።

ባንክ ቤት የምትሠራዋ ያን ቀን ወይ በማግስቱ፣ ራሷን ገንዳው ላይ ጥላ፣ ስለ አማካሪዋ ስታወራ «ፌሚኒስት ናት» አለች። እኔ ውኃ ከፍቼ ነበር። የሰማሁት «ፌሚኒስት» የሚለውን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ውኃው የበላብኝ መሰለኝ። ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት። ጋዜጣ ላይ ጠ/ሚኒስትር ተብሎ ይጻፋል። ጠ/ሚኒስትር ካለ ፌ/ሚኒስትርም ይኖራል። «ፌ» ደግሞ ፌዴራል ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ደረስኩበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ጭንቅላቴ ፈጣን ነው።

የማድረው አጎቴ ዘንድ ነበር፤ ከመገናኛ አልፎ በምሥራቅ በኩል፣ ድሮ የጤፍ ማሳ የነበረ ቦታ። ወላጆቼ ካለፉ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ማሳው ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ለአጎቴ የቀረለት ግቢው ነው። ቤታችን ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ስለሆነ «ፌ/ሚኒስትር» የሚለውን እንዴት እንደምለው ጨንቆኝ እንዳለ በአማርኛ ነገርኩት። አንዲት ፌ/ሚኒስትር አለች፣ ሚኒስትሮቹን በሙሉ አንተ ትላቸዋለች አልኩት። የእኛ አገር ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የውጭ ናት ስለው «እንደሱ በዪኛ» ብሎ ወደ እራቱ ተመለሰ።

ስህተቴ የወጣው በእትዬ ምክንያት ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጧል። እትዬ ለጨዋታ ያህል ከድራማው ማንን ነው የምትወዱት ብላ በየተራ ጠየቀችን። አንዷ ሚስቲቱን አለች፣ አንዷ ውሽሚቱን። እኔ ጋ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

«እኔ ፌ/ሚኒስትሯን» አልኩ።

ከዚያ ባለፔስትራዋ «ማንን?» አለች። ደገምኩላት። እሷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የነበረችው ባንክ ቤት የምትሠራዋ ሴት ካስኩን በእጇ ቀና አድርጋ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ፌሚኒስት ማለት ሹመት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ሴት ከወንድ እኩል ናት ብላ የምታምን ማለት ነው አለችኝ። ሌላስ ብዬ ጠየቅኋት። ሌላ የለውም፣ ይኸው ነው አለች። ትንሽ ቅር አለኝ። እኔ ቢያንስ መኪናና አጃቢ ያለው ነገር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስሜ ተለወጠ። «ፌ/ሚኒስትር፣ ፎጣ!» «ፌ/ሚኒስትር፣ ወለሉ ላይ ፀጉር አለ!» እሺ እያልኩ እሄዳለሁ።

ነገሩ የሚያስቅበት ዋናው ምክንያት እኔን ስለሚያውቁኝ ነው። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ስል ሰው ፊት እቀላለሁ ማለቴ ብቻ አይደለም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅተኛል። ሌላ ሰው እኔ የምወርድበት ቦታ «ወራጅ» ካለ እግዚአብሔርን አመስግኜ ተከትዬው እወርዳለሁ። ካላለ ሰው እስኪወርድ አብሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። መገናኛ የባቡሩ መንገድ ሲቆፈር በዚያ አቧራ ውስጥ የተመላለስኩት ብዙው ከዚህ የተነሳ ነው። ሰው «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» ይለኝ ነበር።

ደግሞ ሰውን ሁሉ እርስዎ እላለሁ። አንተ ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ አንቺስ ማን እንደሆንሽ ማወቅ አለብሽ። እርስዎ ግን እንደ ጃንጥላ ነው፤ ከሥሩ ገብቶ መቆም ነው። የታክሲውን ረዳት እርስዎ፣ ካርድ የሚሸጠውን እርስዎ። አንድ ጊዜ ባለፔስትራዋን ራሷን እርስዎ ብያት «ምን አስረጀኝ?» ብላ መስታወት ውስጥ ስታይ ዋለች።

እርስዎ ካልኳቸው ሰዎች አንዱ ሹፌሩ ነው።

ሹፌሩ የገልባጭ መኪና ባለቤት ነበር። ለሚሠሩት ሕንፃዎች አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል። ለሕንፃ የማይቆፈር ቦታ አልነበረምና ሥራ ሞልቶለታል። መኪናውን የሚያሳድረው አጎቴ ግቢ ነው፤ አጎቴ ይጠብቅለታል። ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ እኔም ወደ ሥራ ስወጣ እንገናኛለን። «እንደምን አደሩ» እለዋለሁ። እሱ «ደህና አደርሽ» ይለኛል። እሄዳለሁ። በቃ ይኸው ነው። ከእኔ ምናልባት አሥር ዓመት ቢበልጠኝ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አንተ ነው የሚለው። እኔ ግን ዓይኔን ጎማው ላይ ተክዬ «እንደምን አደሩ»።

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ግቢያችን ገቡ። እኔ ስለ መሬት ጉዳይ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ያኔ ሽማግሌና ፋይል የያዘ ሰው ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው ለዚያ ነው። የሚጠጣ ነገር አቀረብኩላቸው። አንደኛው ቀና ብለው አይተውኝ «ጨዋ ናት» አሉ ለሌላኛው። ለምስጋናው እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ራሴን መሸጤ መሆኑን አላወቅሁም።

የሰማሁት ከአጎቴ ሚስት ነው። ሹፌሩ ልኳቸው ነው፤ አጎቴም ደስ ብሎታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ተመልሰው መልስ ይዘው እንዲሄዱ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። መልሱ እሺ ነው፤ ከሁዳዴ በፊት ይሠረጋል። ሹፌሩ ሚስቱ እቤት እንድትውል ነው የሚፈልገው፣ ከእንግዲህ የሰው ፀጉር ማጠብ የለም አለችኝ፣ እንደ ምሥራች። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ባለፔስትራዋ ማበጠሪያ ሰጥታኝ ቢጎዲን መጠቅለል ልታስተምረኝ ጀምራ ነበር። ቢጎዲን ባይኖርም ግን ሰውየውን ላገባው አልፈልግም ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አስቤው ስለማላውቅ ነው።

ምን ዓይቶ ነው እኔን የመረጠው ብዬ የአጎቴን ሚስት ጠየቅኋት። በዚህ ነገር መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሹፌሩ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብሏቸው ኖሯል፦ ይህች ልጅ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብላኝ አታውቅም፤ እናቴ አባቴን የምትጠራው እንደዚህ ነበር፤ ይህ ያለ ነገር አይደለም፣ በሆዷ ያሰበችው ነገር አለ።

ማለት ሰውየው እኔ ሳፍር የኖርኩትን ሁሉ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ሲያነበው ኖሯል። ጎማውን እያየሁ «እንደምን አደሩ» ባልኩ ቁጥር እሱ ቤት መሥርቷል።

በማግስቱ ጉዳዩን ለባለፔስትራዋ ነገርኳት። ያለቀችው ሻምፑ ሳትሆን እኔ ስለሆንኩ በወረቀት አልሆነልኝም። እሷም ሳታስብ መድኃኒቱን ሰጠችኝ።

«እርስዎ ብለሽ ነው የገባሽበት? አንተ ብለሽ ውጪ።»

ወዲያው አማካሪዋ ትዝ አለችኝ። እሷስ ያንን ሁሉ ወንድ በምን ነው የምታስደነግጠው? በዚችው ቃል አይደል? አንተ ስትል ሁሉም ፊቱ ይለዋወጣል፣ ወረቀቱን ይሰበስባል፣ ከስብሰባው ይወጣል። እኔም በመስታወት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እንግዲህ የሚቀረኝ ልምምድ ነው አልኩ።

መጀመሪያ የሕንፃውን ጥበቃ አንተ ልለው አሰብኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ተውኩት። የታክሲ ረዳት ላይ ሞክሬ አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ እሱም ጥርሴን ያመመኝ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ። በመጨረሻ ሰው ሠራሽ ፀጉር የምንሰቅልበት የፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ ተለማመድኩ። በግራ እጄ ፀጉሬን ወደ ኋላ እየመለስኩ «አንተ! አንተ!» እላለሁ። እትዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ጭንቅላቷ የሴት መሆኗን ብቻ ነግራኝ አለፈች።

አንተ የምልበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ዘይት ያያል። ፊቱ ቆምኩ። ጎማውን አላየሁም። ፀጉሬን መለስኩ፤ ሻሽ አስሬ ስለነበር የመለስኩት ሻሼን ነው። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ፣

«እንደምን አደርክ!» አልኩት።

ሰውየው ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ በእውነት ተለዋወጠ። ጥርሱ በሙሉ ታየ።

«ደህና አደርሽ የኔ ቆንጆ» አለኝ። «ዛሬ ገና ተቀራረብን ማለት ነው።»

አንተ የሚባለው የተናቀ ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚወደድም ሰው አንተ እንደሚባል እኔ ጠፍቶኝ አይደለም። ሐሳቤ ሁሉ አማካሪዋ ላይ ስለነበር ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ሹፌሩ የዚያኑ ዕለት ወደ አጎቴ ሄዶ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሳምንት ድረስ ለምን ይቆያሉ፣ በሚመጣው እሑድ ይምጡ ብሎ ለመነ። አጎቴም ፈቀደ። አንዲት ቃል ብናገር ሠርጌን በሳምንት አቀረብኩት።

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ድራማው ተጀመረ። በመስታወቱ ውስጥ ጠረጴዛውን አየሁት፣ ሚኒስትሮቹን አየኋቸው፣ ጫፍ ላይ ያለችው ወንበር ግን ሌላ ሰው ተቀምጦባታል። ወጣት ወንድ ነው፣ ራሱን ይነቀንቃል። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። አልመጣችም። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ውኃውን ዘጋሁና፣

«አማካሪዋ የት ሄደች?» አልኩ።

ሁሉም ወደ ገንዳው ዞሩ።

«ባለፈው አይደል እንዴ የተባረረችው» አለች ባለፔስትራዋ። «አምባሳደር ብለው ሩቅ አገር ላኳት። ፊትሽ ነው እኮ።»

«ምን አድርጋ?»

«አልፈርምም ብላ ነዋ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድ የሕግ ረቂቅ ፈርሚ አላት፣ እሷ አልፈርምም አለች።»

«መቼ አለች? እኔ አልሰማሁም።»

ባንክ ቤት የምትሠራዋ ገባችበት። ሁልጊዜ እንደዚያ ናት አለች። መጀመሪያ አንተ ትለዋለች፣ ከዚያ የምትለውን ትላለች። አይሆንም ትላለች፣ አልስማማም ትላለች፣ አልፈርምም ትላለች። እነሱ የሚደነግጡት በዚያ ነው እንጂ በአንተው አይደለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔ ሥራ ውኃ መክፈት ነው። አማካሪዋ አፏን ስትከፍት እኔም ቆም ብዬ የመጀመሪያዋን ቃል እሰማለሁ፤ ከዚያ ደንበኛዋ አረፋው ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባባት ቶሎ ብዬ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሴትዮዋን ንግግር ከግማሽ በላይ ሰምቼ አላውቅም። አንተ የምትለውን ሰምቻለሁ። አይሆንም የምትለውን ከሻምፑ ጋር አጥቤዋለሁ።

ባለፔስትራዋ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«ቆይ፣ አንቺ ሹፌሩን ምን ብለሽ ነው ያልሽው?»

«እንደምን አደርክ» አልኩ።

ከዚህ በኋላ ስለነበረው ሳቅ አልጽፍም። ያልሳቀችው እትዬ ብቻ ናት። እስኪበርድ ጠበቀችና አልፈልግም ብለሽ ለማን ተናገርሽ ብላ ጠየቀችኝ። ለማንም አልተናገርኩም አልኳት። ለአጎትሽስ? ለእሱም። ፎጣ አቀበለችኝና ደንበኛዋ ራሷ ገንዳው ላይ እንዳለ አስታወሰችኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወግ ስለሆነ መጀመሪያ አንቀመጥም አሉ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ሹፌሩ ከእነሱ ጋር አይገባም፤ ውጭ መኪናው ሥር ተንበርክኮ ምንም ያልሆነ ጎማ ያጠብቃል። የእኛ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ከግቢው ማዶ ስለሆነ፣ ለስላሳውን በትሪ ይዤ ስመጣ በእሱ በኩል ነው የማልፈው። አልፌው ከገባሁ አጎቴ እሺ ይላል። እሺ ካለ አለቀ፤ ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም።

ቆምኩ። አንተ ልለው ነበር። አሁን ግን ሙሉውን ንግግር፣ አንተውንም አይሆንሙንም፣ አዘጋጅቼ ነበር።

«እርስዎ» አለ አፌ።

ሹፌሩ ቀና ብሎ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ተመለስሽበት?»

«አላገባዎትም።»

ትሪው ላይ ያሉት ጠርሙሶች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። ሁለታችንም እነሱን አየናቸው። እሱ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። አልፈልግም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ እርስዎ የምትይኝ ለምንድን ነው?»

«አፍሬ ነው» አልኩት። «ሁሉንም ሰው ነው። የታክሲውንም ረዳት እርስዎ ነው የምለው።»

ይህን ስሰማ ራሴ ደነገጥኩ። አማካሪዋ እንዲህ ብላ አታውቅም። እሱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የጠረገው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ትልቁን ሽማግሌ ጠራቸውና በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። እሳቸው ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን በዓይን ጠቀሱ። ሲወጡ ከሦስቱ አንደኛው፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለው፣ ነገሩ ስላልገባቸው ከትሪዬ ላይ አንድ ጠርሙስ አንሥተው እንደቆሙ ጠጡና «ወልዳችሁ ሳሙ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ገልባጩ ከግቢ ወጣ። የአጎቴ ሚስት ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ትሪውን ለማስቀመጥ ወደ ቤት ገባሁ፤ ለማስቀመጥ ሳይሆን ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ ነው። አጎቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲለኝም ፈለግሁ፤ ያን ጊዜ አልቅሼ ይቅርታ ጠይቄ ነገሩ ያልቃል። እሱ ግን ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ስላልጠየቁኝ ነው አልኩት፣ ዓይኔን ትሪው ላይ ጥዬ። ይህን ለመናገር ያሰብኩበት ሳይሆን እንዲሁ የወጣ ነው።

አጎቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። የተቆጣ አይመስልም፤ አንድ ነገር የሚያሰላ ሰው ይመስላል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በእውነት መልሱን ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ ጠየቀኝ።

«ቆይ፣ ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»